ልጄ ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን ነበር የምታውቀው፦ ስለ አቡጊዳ ገበታ የግማሽ ዓመት ተጠቃሚ አስተያየት

ስለ አንድ ወረቀት ልጽፍላችሁ ነው። የፊደል ገበታ። ግን አሁን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የምናየው፣ በቀለም ያሸበረቀውና በየፊደሉ ሥር ሥዕል ያለው አይደለም። የድሮው ዓይነት ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከሀሁው ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ማለት ፊደሎቹ ተዘበራርቀው የተደረደሩበት ክፍል፣ ያለበት። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዛሁት። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም። ከጥር እስከ ሰኔ በየቀኑ ማለት ይቻላል ተጠቅመንበታል። ሁለተኛ ክፍል ለነበረችው ልጄ ዘንድሮ ካወጣሁት ወጪ ሁሉ ፍሬውን በዓይኔ ያየሁት በዚህ ነው። ከአምስት ስጪ ብባል አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። እኔ የሄድኩበትን መንገድ ብዙ ወላጅ እየሄደበት እንደሆነ አውቃለሁና።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። አንደኛ ክፍልን ስትጨርስ ሀሁን ከላይ እስከ ታች ትወርደው ነበር። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብላ ከጀመረች ፐ ጋ ሳትደርስ አትቆምም። ቤት እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ሀሁ በይላቸው» እንላታለን። ትላለች፣ ይጨበጨብላታል፣ ጉንጯን ትሳማለች። እኔም ልቤ ሞልቶ ነበር። ክፍሏ ውስጥ ከ60 በላይ ናቸው። ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ የምትማረው ግማሽ ቀን ነው። መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ነው የደረሳቸው። መምህሯ ጎበዝና ትሁት ሴት ናቸው፤ ግን ያን ሁሉ ልጅ አንድ በአንድ አስቀምጦ ማስነበብ ማን ይችላል? በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት ትምህርት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ የጎጃም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ገብቶኝ ነበር። ያልገባኝ ምን እንደማደርግ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ባለ ሥዕሉን ፖስተር ነው። ያምራል። ለ ሥር ለውዝ፣ መ ሥር መኪና፣ በ ሥር በግ። ልጄም ወደደችው። ችግሩን ያየሁት ከወራት በኋላ ነው። ልጅቷ የምታየው ሥዕሉን ነው፣ ፊደሉን ልብ አትለውም። ጠ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ «ጠርሙስ» ትለኛለች። ጠርሙሱን በእጄ ስሸፍነው ዝም። ደግሞ በየመደዳው ሥዕል ያለው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። ጡ ጢ ጣ ጤ ጥ ጦ ምንም የላቸውም፤ አማርኛው ደግሞ ያለ እነሱ አይጻፍም። እኔ የገዛሁት ላይ የኅትመት ስህተትም ነበረበት። የጸ መደዳ ሁለት ጊዜ ገብቶ ፀ ጭራሽ የለም። ለልጅ በሚሸጥ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ማየት ያሳዝናል፣ እውነቴን ነው።

ቀጥሎ አጋዥ መጽሐፍ ገዛሁ። ጥያቄና መልስ የታጨቀበት ነው። ለስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ለሚዘጋጅ ልጅ ይጠቅም ይሆናል። ማንበብ ላልቻለ ልጅ ግን ምንም አያደርግም። እሱን እንለፈው።

ሦስተኛው አስጠኚ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ልጄም ወዳዋለች። ደብተሯ በቀይ እስክሪብቶ በልክ ምልክት ተሞላ። ሁለት ወር ሙሉ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። አንድ ቀን ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳዳምጥ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ጥያቄውን የሚያነበው እሱ ነው! «እንዲህ ይላል፤ እሺ፣ ስንት ይሆናል?» ይላታል። እሷ መልሱን ትነግረዋለች። እሱ ፊደል በፊደል እየነገራት ትጽፋለች። የቤት ሥራው ይሠራል፣ ንባቡ ግን የእሱ ነው። ክፉ አስቦ አይደለም። እኛም «የቤት ሥራዋን አሠራልን» አልነው እንጂ «አስነብብልን» አላልነውም። አስጠኚ የቀጠራችሁ ወላጆች፣ አንድ ቀን ዝም ብላችሁ ጎን ቁጭ በሉና አዳምጡ። ደብተሩ ላይ ያለው ልክ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።

ከዚያ የኅዳር ፈተና መጣ። ሒሳብ ከ20 ያገኘችው 11 ነው። ማታ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። 12 ሲቀነስ 5፣ ልክ። 8 ሲደመር 7፣ ልክ። ቁጥር ብቻ ያለባቸው በሙሉ ልክ ናቸው። ታች ላይ «አንዲት ሴት 12 እንቁላል ይዛ ገበያ ወጣች። 5ቱን ሸጠች። ስንት ቀራት?» የሚል ጥያቄ አለ። ባዶ ነው። ያው 12 ሲቀነስ 5 እኮ ነው! ከእሱ በታች ያሉት አራቱም ባዶ ናቸው። ልጄን ጠርቼ «ይሄን ለምን ተውሽው?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጥያቄውን ሳልጨርስ «ሰባት» አለችኝ።

የአካባቢ ሳይንሱን ወረቀት አወጣሁ። ያው ነው። ሳነብላት ትመልሳለች፣ ወረቀቱ ላይ ግን ባዶ። ለካ ልጄ ሒሳቡም ሳይንሱም አልከበዳትም። ማንበብ ነው ያልቻለችው። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ «ሒሳብ ደካማ ናት» እያልኩ ለሒሳብ ነበር የምከፍለው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አባዬ ከደብረ ኤልያስ በኩል ለገና መጥተው እስከ ጥምቀት እኛ ጋ ቆዩ። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ልጅ ሆነው የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ነው እርሻ የያዙት። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄን «እስቲ ሀሁ በይ» አሏት። እንደለመደችው ወረደችው። እሳቸው አላጨበጨቡም። ከጀመርኩት ስፌት ላይ አንድ ስንደዶ መዘዙና ወደ ፖስተሩ ሄዱ። የስንደዶውን ጫፍ ጉ ላይ አሳረፉት።

«ይቺ ማናት ልጄ?»

ልጄ ወዲያው አልመለሰችም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በሹክሹክታ «ገ፣ ጉ» አለችና ከዚያ ጮክ ብላ «ጉ!» አለች። ስንደዶው ወደ ቄ ሄደ። አሁንም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ «ቀ ቁ ቂ ቃ ቄ» ብላ ቆጥራ ደረሰችበት። አባዬ በነጠላቸው ጫፍ መደዳውን ሸፍነው ሞን ብቻ አስቀሩ። ልጄ ፈለገች፣ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት፣ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ይቺ ልጅ ፊደሉን አታውቀውም። ዜማውን ነው የምታውቀው።»

«ኧረ አባዬ፣ አሁን ከላይ እስከ ታች አልወረደችውም?»

«ወርዳዋለች። እኛንም የኔታ እዚህ ላይ ነው የያዙን። ሀሁን የወረደ ልጅ ገና ነው። አቡጊዳ ይገባል። አቡጊዳው የታል?»

ፖስተሩ ላይ አቡጊዳ የለም።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሀሁ የሚነበበው በመደዳ ነው። አንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ጊዜ ይቀያየራል። ልጁ የመጀመሪያዋን ከያዘ የቀሩት ስድስቱ በዜማ ይመጡለታል፣ ባያያቸውም ይመጡለታል። አቡጊዳ ይህን ዜማ ይሰብረዋል። አ ግዕዝ ናት፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። ሰባት ፊደል ከሰባት የተለያየ ቤት። ቀጣዩ መደዳ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ ይላል። እያንዳንዷን በመልኳ ካላወቃችኋት ከጎኗ ያለችው አትነግራችሁም። ዲን ለማንበብ ዲን ራሷን ማወቅ ነው። ጽሑፍ ደግሞ እንደዚያ ነው የሚመጣው። «ሀ ሁ ሂ ሃ» የሚል ቃል የለም፤ ቡና ነው፣ ጎመን ነው፣ ዳቦ ነው። ጎንጅ፣ ዋሸራ፣ ዲማ እያልን የምንኮራባቸው የቅኔ ቤቶች ተማሪዎች ሁሉ መጀመሪያ ያለፉት በዚህ ገበታ ነው። እኛ ደግሞ ቤታችን ካለው ጥለን ውጭ ፍለጋ ስንሮጥ ቆየን።

ገበታውን ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሁለት መደብር ገባሁ፣ ያለው ባለ ሥዕሉ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጋ ባለሱቁን «አቡጊዳ ያለበት አለህ?» ስለው ሳቀና «እታለም፣ ይሄን እኮ የሚጠይቀኝ የለም» አለኝ። ከመደርደሪያው ሥር ከካርቶን ውስጥ አቧራ የለበሰ ጥቅል አወጣ። የቡልጋው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ካሳተሙት ጀምሮ አባቶቻችን የሚያውቁት ዓይነት ነው። ሀሁው አለ፣ አቡጊዳው አለ፣ የግዕዝ ቁጥሮች ከ፩ ጀምሮ አሉ፣ ታች ላይ የመልእክተ ዮሐንስ መጀመሪያ አለ። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ እዚያው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ፕላስቲክ አስለበስኩት። ይህን ሳታደርጉ ልጅ እጅ እንዳትሰጡት፣ ሳምንት አይቆይም።

አጠቃቀማችንን ልንገራችሁ፣ ዋናው እሱ ነውና። ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ መሬት ላይ እናነጥፈዋለን። አቦል እስኪቀዳ ትጫወታለች። አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪመጣ ያለው ጊዜ የፊደል ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ ስገፋት ማዛጋት ትጀምራለች፣ ስለዚህ ተውኩት። ስንደዶዋን ራሷ ነው የምትይዘው። አባዬ እዚህ ላይ ጥብቅ ነበሩ፤ «ጣቷን አታስነኪያት፣ ጣት ሁለት ሦስት ፊደል ይሸፍናል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የስንደዶ ጫፍ አንድ ፊደል ብቻ ያሳያል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ልጄ ጎበዝ መባል ለምዳለች፣ አሁን ድንገት የማታውቅ ሆነች። ሁለት ቀን አለቀሰች። አባዬ ግን አልተቆጡም፣ አልሳቁባትምም። አንድ መደዳ ብቻ ይሰጧታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። በማግሥቱ ከኋላ ወደ ፊት ያስነብቧታል፦ ዞ ው ሄ ዳ ጊ ቡ አ። በሦስተኛው ቀን ከላይ ወደ ታች። ከዚያ ብድግ ብለው ሲሄዱ በበሩ በኩል ድንገት «ጊ የት አለች?» ይሏታል። እሷ በስንደዶዋ እየተሯሯጠች ትፈልጋለች። ይሄ ጨዋታ ሆነላት። ከጥምቀት በኋላ አባዬ ሲሄዱ እኔ ቀጠልኩ።

ሳድስ ላይ ብዙ ቆየን። ሌሎቹ ቤቶች ጥቂትም ቢሆን ሥርዓት አላቸው። ካዕብ ወገቧ ላይ ትቀጠላለች፣ ኃምስ እግሯ ላይ ቀለበት ታደርጋለች። ሳድስ ግን በየፊደሉ መልኳ ይለያያል። ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ን፣ እነዚህ አንዷ ከሌላዋ ጋር አይመሳሰሉም። አንድ በአንድ መልመድ እንጂ ሌላ መላ የለውም። ደግሞ አማርኛ ያለ ሳድስ አንድ መስመር አይሄድም። ረ እና ፈ ላይም ልጄ ተሰናከለች። እግር ስለሌላቸው ሩ እና ሪ፣ ፉ እና ፊ እንደ ሌሎቹ አይወጡም። የእናንተም ልጅ እዚህ ላይ ከቆመ ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ፊደሉ ራሱ እዚያ ላይ ስለሚለይ ነው።

የካቲት አጋማሽ ላይ ከገበታው ወደ ቃል ወጣን። መጽሐፍ አልነበረም። ቤት ያለውን አነበብን። የጨው ላስቲክ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የመድኃኒት ካርቶን። መንገድ ላይ ባጃጅ ጀርባ የተጻፈውን። አንድ ቀን ከቅዳሜ ገበያ ስንመለስ ድንች ተሸክሜ እጄ ዝሏል፣ እሷ ቀሚሴን ይዛ ወደ ላይ እያየች ቆመች። «ሥ... ጋ... ቤ... ት» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ሥጋ ቤት!» ብላ ጮኸች። ባለ ሥጋ ቤቱ ወጥቶ አየን። ዕቃዬን መሬት ላይ አስቀምጬ አቀፍኳት። ያቺን ቀን አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ ነው የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ የያዝነው። ለሦስት አንድ ስለሆነ በስልክ ላይ ያለውን ከሰው ተቀብዬ ጥቂት ገጾች ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። እዚህም አባዬ የነገሩኝን ተጠቀምኩ። በቄስ ትምህርት ቤት ንባብ ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል የሚሄደው ቁጥር፣ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ የሚባሉት የንባብ ዓይነቶች፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። እኛ በራሳችን መንገድ አቀለልነው። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ትቆጥረዋለች። ሁለተኛ ጊዜ ቃል በቃል። ሦስተኛ ጊዜ እንደ ወሬ። አንድ አንቀጽ ብቻ፣ ግን ሦስት ጊዜ። ሒሳቡንም እንዲሁ። ጥያቄውን እኔ አላነብላትም፣ ባለቤቴም አያነብላትም። ራሷ ታነበዋለች፣ ከዚያ በራሷ አባባል ትነግረኛለች፣ ከዚያ ብቻ ነው ሽምብራ ይዘን የምንቆጥረው። አስጠኚው ልጅ ተመልሶ እንዲመጣ ስንነጋገርም የነገርኩት አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄውን እሷ ታንብበው። እሺ አለ። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ ጥሩም እየሠራ ነው።

መብራት ሲጠፋም ችግር የለበትም። ስልክ ላይ ሀሁ የሚያስተምሩ ብዙ ነገሮች አሉ፣ ሁለቱን ሞክሬአለሁ። ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ልጁ አብሮ ይዘፍናል። እንደገና ዜማ። ባትሪው ሲያልቅ ትምህርቱም አለቀ። ገበታው ግን በሻማም ይነበባል።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። እኔ ጋ ያለው ገበታ የአቡጊዳው ክፍል የግዕዙን 26 ፊደላት ብቻ ነው የያዘው። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ፣ እነዚህ ለአማርኛ የተጨመሩት ሰባቱ ሀሁው ላይ ነው ያሉት። በሀሁው 33 መደዳ በሰባት፣ 231 ፊደል አለ፤ አቡጊዳው ላይ ግን የሸ እና የጨ ወገን ተዘበራርቆ አይገኝም። ልጄ ጨ እና ጠ፣ ጀ እና ደ ለረጅም ጊዜ ይምታቱባት የነበረው በዚህ ይመስለኛል። መላ አበጀሁ። የፓስታ ካርቶን በትንንሹ ቆርጬ ሰባቱን ከነቤተሰቦቻቸው ጻፍኩና በሳፋ ውስጥ አዘበራርቄ እያነሳች እንድታነብ አደረግሁ። ሠራ። ግን አሳታሚዎቹ ቢጨምሩት ምን ነበረበት? ቨም ገበታው ላይ የለችም፤ «ቪዲዮ» የሚል ቃል ሲመጣ ግራ ገባት።

ሁለተኛ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ልጁን ያደናግሩታል። ገበታው ያሳያችኋል እንጂ የትኛው የት እንደሚገባ አይነግራችሁም። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ እኔ «ድምፃቸው አንድ ነው፣ መልካቸው ይለያያል» ብዬ አልፌዋለሁ። ሥጋ ቤት ላይ ሥ የያዛት በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ መጥበቅና መላላት። ገና ስንል የበዓሉ ገናም አለ፣ ገና አልመጣም የምንለውም አለ፤ ጽሑፉ አንድ ነው። ይህን ምንም ገበታ አያስተምርም። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ተመልሶ እንዲያነበው ማድረግ ብቻ ነው ያለው። አራተኛ፣ ስለ አጻጻፍ ምንም የለውም። እርሳስ አያያዝና ከየት ተጀምሮ የት እንደሚጨረስ እናንተ ናችሁ የምታሳዩት። እኔ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ገዛሁ፤ በደብተር ላይ ከማጻፍ ይሻላል፣ ስትሳሳት በእጇ ታጠፋዋለች፣ ላጲስ ወረቀት አይቀድባትም። እንግሊዝኛውንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይማሩታል፤ ለእሱ ይህ ገበታ አይጠቅምም፣ ሌላ ነገር መፈለግ አለባችሁ።

አንድ የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ታች መልእክተ ዮሐንስ ስላለበት «የቤተ ክህነት ነው እንዴ?» ይላሉ። ሀሁውና አቡጊዳው የሁላችንም ፊደል ነው። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ለልጇ ተዋሰችኝ፣ ታችኛውን ክፍል ወደ ኋላ አጥፋ ሰጠችው፣ ልጇ አሁን ከእኔዋ ፈጥኖ ያነባል። ሌላዋ ጎረቤቴ ደግሞ ራሷ ማንበብ አትችልም። «እኔ ምን ልረዳው» እያለች ትተክዝ ነበር። አምስተኛ ክፍል ያለች ልጇን አስቀምጠን አቡጊዳውን አሳየናት፣ አሁን ታናሿን የምታስቆጥረው እሷ ናት። እናትየው ቡና እያፈላች አጠገባቸው ትቀመጣለች። ልጁ ሲያመነታ እሷም ስንደዶውን አብራ ታየዋለች። በዚሁ ብዙ ፊደል ለይታለች፣ ስሟንም ጽፋ አሳይታኛለች።

ለማን ነው የሚሆነው? ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ላለ፣ ሀሁን በቃሉ ለሚለው ግን ቃል ሲሰጠው ለሚያመነታ ልጅ። አራተኛና አምስተኛ ክፍል ደርሶ በንባብ ለሚቸገርም እንዲሁ፤ እንዳያፍር ብቻ ሰው ሳይበዛ ይሁን። ልጃችሁ የትኛው ጋ እንዳለ ለማወቅ ገበታውን መግዛትም አያስፈልጋችሁም። ያላችሁን ፖስተር መደዳውን በእጃችሁ ሸፍኑና አንድ ፊደል ብቻ አሳዩት። ከንፈሩን ተመልከቱ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚቆጥር ከሆነ ገበታውን ግዙ። ወዲያው የሚመልስ ከሆነ ገንዘባችሁን ለሚነበብ ነገር አድርጉት።

ሰኔ ላይ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። ሒሳብ ከ20 17። ውጤቱን ሳላይ በፊት ታችኛውን ክፍል ነው ያየሁት። አምስቱም ጥያቄዎች ተመልሰዋል። ሁለቱ ስህተት ናቸው፣ ግን ተሞክረዋል፣ ባዶ የለም። አንዱ ላይ መልሱን «ሥድሥት» ብላ ጽፋለች። መምህሯ አርመውላታል። እኔ ያቺን ወረቀት አስቀምጫታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ያ መደብር ሄጄ ነበር። ገበታው አልቋል። ባለሱቁ ዘንድሮ ብዙ ሰው እየጠየቀው እንደሆነ ነገረኝ። ለመስከረም እንዲያስመጣልኝ ስልኬን ትቼለት መጣሁ፣ ሁለት አዝዣለሁ። አንዱ ለልጄ ታናሽ ወንድም ነው። ሌላውን ፕላስቲክ አስለብሼ ለአባዬ እልካለሁ። እነሱ ሰፈር ልጆቹ ከክፍል ከራቁ ቆይተዋል፣ ከብት ከገባ በኋላ ዋርካው ሥር ሰብስቤ ላስቆጥራቸው ብለውኛል።